አዋሳኞቼ ግመል ጭነው ሄዱ

ሐረር ውስጥ መሬት ካላቸው ሰዎች ይልቅ መሬት ሊገዙ ሲሉ የቀሩ ይበዛሉ። ጀጎል ገብታችሁ ከማንም አጠገብ ቁጭ በሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ስለ አያቱ ይነግራችኋል። አያቱ ድሬዳዋ ገና ጫካ ሳለች «ይህን ሁሉ ሜዳ በአንድ በቅሎ ውሰደው» ተብለው፣ «የጅብ መፈንጫ ምን ያደርግልኛል?» ብለው በቅሏቸውን ጭነው ተመለሱ። ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ መፈንጫው ከተማ ሆነ። የእኔም አያት እንዲህ ካሉት አንዱ ነበሩ ይባላል። እንዲያው ለመሆኑ ያ ሁሉ አያት ያን ሁሉ በቅሎ ይዞ ከቀረበ፣ ድሬዳዋ ስንት ጊዜ ልትሸጥ ኖሯል?

ቁጭት ተላላፊ በሽታ ነው። ከሁሉም ይልቅ የጠናባቸው ግራዝማች ይርጉ ነበሩ። ግራዝማች የፅጌ አባት ናቸው፤ ፅጌ ደግሞ ካላገባኋት ሞቼ እገኛለሁ ያልኳት ልጅ ናት። ሽማግሌ ብልክባቸው በክብር አስቀመጡ፣ በክብር አበሉ፣ በክብር መለሱ። ልጁ ጨዋ መሆኑን ሰምተናል፣ አስተማሪም ነው ብለውናል፣ ግን ርስቱ ወዴት ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ደመወዜ ጥቂት ቢያነሱባቸው፣ ደመወዝ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው፣ መሬት ግን የትም አይሄድም ብለው ዘጉት።

ልብ በሉ፤ ግራዝማች ሞፈር ጨብጠው አያውቁም። አባታቸው ከጦሩ ጋር መጥተው፣ የሌላ ሰው አባት ሲያርሰው የኖረውን መሬት ተሰጥቷቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሌላ ሰው ላብ በልተው አረፉ። ልጅየው ደግሞ የወረሱትን በሙግት ጨረሱት። ድሬ ጠያራ በኩል ከተረፈቻቸው ቁራጭ ማሽላ የሚያመጣላቸውን ጭሰኛ ስም እንኳ ሁልጊዜ ይሳሳቱታል። ይህ ሁሉ ሆኖ መሬት የሌለው ሰው እግር የሌለው ይመስላቸዋል።

እኔም ፈራሁ። አንድ የድሬዳዋ የጉምሩክ ሰው፣ ባለ ሁለት ቤት፣ ከፋሲካ በኋላ ለፅጌ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። ፅጌም በጓደኛዋ አፍ፣ ጓሮም ቢሆን፣ አለትም ቢሆን፣ መሬት የተባለ ነገር ቶሎ ፈልግ አለችኝ። ያን ሰሞን ክፍል ገብቼ የዓለምን ካርታ ስሰቅል፣ ይህ ሁሉ መሬት ተዘርግቶ ለእኔ አንድ ክንድ ይጥፋ እያልኩ ልቤ ይቃጠል ነበር።

መድኃኒቱ የተገኘው ኤረር በር አጠገብ ካለች ጠጅ ቤት ነው። እዚያ የማይጠፋው ሃምሳ አለቃ ድንበሩ ጠረፍ ላይ ዘብ ሆኖ አገልግሎ በጡረታ የተመለሰ ሰው ነበር። ለአገልግሎቱ ከዚያው ከጠረፉ መንደር መሬት ተሰጥቶት ነበርና ለወዳጅ እየቆረሰ ይሸጥ ነበር። ስለዚያ መንደር ሲያወራ ብርሌው ይረሳዋል። መንገድ ሊወጣ ነው፤ መንገድ ካለ ኬላ አለ፤ ኬላ ካለ ሆቴል አለ፤ ሆቴል ካለ መብራት የማይኖርበት ምን ምክንያት አለ? ሁለተኛዋ ድሬዳዋ ይህችውላችሁ! ሕዝቡ እንግዳ አክባሪ፣ ወተቱ እንደ ውሃ። ውሃውስ እንደ ምን ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

እኔ የዚያ ባለ በቅሎ አያት የልጅ ልጅ ነኝ፤ ሁለተኛ አልታለልም ብዬ ብስክሌቴንና ሬዲዮኔን ሰጠሁ። ውሉ እንደ አገራችን ወግ በእማኞች ፊት፣ በአዋሳኝ ተነገረ። በምሥራቅ የወርሰማ ቤት፣ በምዕራብ የፋራህ ቤት፣ በሰሜን የሼኩ ቤት፣ በደቡብ ሻይ ቤቱ ያዋስኑታል። ሃምሳ አለቃ መስቀል መትቶ እነዚህን ቤቶች በገዛ ዓይኑ ማየቱን ማለ። ሰውየው አልዋሸም፤ ይህን ስለ እውነት እመሰክርለታለሁ።

ወሬው ግራዝማች ዘንድ ሲደርስ አስጠሩኝ። ደስ ይላቸዋል ስል ፊታቸው ጥቂት ተለዋወጠና፣ በሚስትና በርስት ቀልድ የለም፣ ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አሉ። የዩሱፍ የጭነት መኪና ወደዚያ ይወጣ ነበርና ጋቢናው ውስጥ ተጣበን ሄድን። ዩሱፍ የጀጎል ልጅ ነው፤ ሱማልኛውን የለቀመው ከገበያ ነው። ጅጅጋን አልፈን አቧራ ስንበላ ዋልን፤ እንደገና ስንበላ ዋልን። ዐቢይ ጾም ስለነበር ከአቧራ ሌላ የምንበላውም እምብዛም አልነበረም።

ዩሱፍ መኪናውን አቁሞ «ደርሰናል» አለ። የት? ፊት ለፊታችን ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ክብ ክብ የሆነ አመድና የደረቀ የእሾህ አጥር አለ። ከአንዲት ግራር ሥር አንድ ሽማግሌ ከአንዲት አንካሳ ግመል ጋር ተቀምጠዋል። በደንብ ተቀበሉን፤ የግመሏንም ወተት በዕቃ አቀረቡልን። ግራዝማች በጥማት ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ እያለ ጾም ነው አሉ። ጾም ባይሆንም ክርስቲያን የግመል ወተት እንደማይጠጣ ለባለቤቱ መንገር ነውር መስሏቸው ነው፤ ጨዋነታቸውን አልነሳቸውም።

መንደሩ ወዴት ነው ብለን በዩሱፍ አፍ አስጠየቅን። ሽማግሌው አንድ ቃል ብቻ መለሱ፤ «ጉሬን።»

ዩሱፍ ጥቂት አሰበና «አግብተዋል ነው የሚሉት» አለን።

ግራዝማች ማን እንዳገባ ጠየቁ። መንደሩ በሙሉ፣ ሻይ ቤቱ ጭምር፣ ሆነ መልሱ። ጉድ ነው! እኔ አንዲት ልጅ ለማግባት ስንከራተት መንደር ሙሉ አገር ሳይሰማ ተዳረ? ዩሱፍ እንደገና ቢጠይቅ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ማግባቱም ጓዝ ጭኖ መሄዱም በእነሱ ቋንቋ አንድ ሥር ነው። ቤታቸውን ግመል ላይ ጭነው ሄደዋል።»

ቤታቸውን! እኛ ደገኛ የወለደን ሰዎች ቤት ሲባል የምናውቀው ሰው ሞቶ እንኳ ቆሞ የሚቀረውን ነው። ሰሌኑ ተጠቅልሎ፣ ወጋግራው ተፈቶ፣ ዝናብ ወዳለበት የሚሄድ ቤት አዋሳኝ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? አስተማሪው እንኳ አላሰበም። የማስተምረው ጂኦግራፊ መሆኑን እስካሁን ያልነገርኳችሁ ረስቼው አይደለም። «ዘላኖች ከቦታ ቦታ ይዘዋወራሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ነበርኩ።

ፅጌ ከእጄ ወጣች ብዬ አመዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ግራዝማች ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሜዳው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ሽማግሌውን ይህ መሬት የማን ነው ብለው አስጠየቁ። «የአላህ ነው፤ ግመሏ ግን የኔ ናት» አሉ ሽማግሌው። ግራዝማች ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ «የጉሌድስ ቤት? የጉሌድ ቤት የቱ ላይ ነበር?» ብለው ጮኹ።

እኔም ቀና ብዬ፣ «ጌታዬ፣ ጉሌድ የሚባል አዋሳኝ የለኝም» አልኳቸው።

«የኔ ነው» አሉ።

ቃሉ ካፋቸው አመለጠ። ለካ ከፋራህ ቤት ወዲያ ያለውን ቦታ ከዚያው ከሃምሳ አለቃ፣ ከእኔ በፊት ገዝተውት ኖሯል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ተረት ለሁለት ሰው ይበቃል ለካ። እኔን ሊመረምሩ ሳይሆን የራሳቸውን ሁለተኛ ድሬዳዋ ሊጎበኙ ነው ያን ሁሉ አቧራ የዋጡት።

ተመልሰን ሐረር ገባን። ግራዝማች ከመኪናው ሊወርዱ ሲሉ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ መሬቱን አይተነዋል» አሉኝ።

«አይተነዋል ጌታዬ» አልኩ።

ሽማግሌዎቼ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀርቡ ግራዝማች ሲጠየቁ የተናገሩትን ቃል ዛሬም ድረስ አደንቃለሁ። መሬቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሰፊ ነው፣ ዳር ድንበርም የለውም አሉ። ከዚህ ውስጥ ሐሰቱ የቱ ነው? ፋሲካ እንዳለፈ ተጋባን። ድንኳኑ ውስጥ ግራዝማች ተነሥተው በጠረፍ ያላቸውን ቦታ ለሙሽሮቹ መስጠታቸውን ሲያውጁ እልልታው ቀለጠ። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ሃምሳ አለቃ ድንበሩ ነበር።

በቀደም ዩሱፍ ከጠረፍ ሲመለስ ቤታችን ጎራ ብሎ፣ አዋሳኞቻችን ወርሰማም ፋራህም ጉሌድም ዝናቡን ተከትለው ድንበር ተሻግረው መስፈራቸውን ነገረን። አብረውን የነበሩት ግራዝማች ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በደረሱበት ለቅሶና ማኅበር ሁሉ የሚሉት፣ ልጄና አማቼ ውጭ አገር ርስት አላቸው ነው።