የአሰላ ሰው ዘመዱ ብዙ ነው

አሰላ ላይ «አገርህ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ እንግዳ ነው። የከተማው ሰውማ አይጠይቅም። መልሱ ረጅም ነዋ! አባቱ አርሲ፣ እናቱ የመንዝ ሰው ልጅ፣ ሚስቱ ስልጤ... በዚያ ብርድ ቆሞ ይህን ሁሉ ማን ይሰማል? ገበያችንን እዩት። ዋጋ በኦሮምኛ ይጠየቃል፣ ክርክሩ በአማርኛ ይጦፋል፣ ነጋዴው የመጨረሻውን ዋጋ ለሚስቱ በስልጥኛ ሹክ ይላታል። ገዢውም ሦስቱንም ይሰማል፤ ያልሰማ ይመስላል እንጂ።

እኔም እዚሁ አድጌ አንድ ሙያ ተምሬያለሁ፤ ከሁሉም ጋር መዛመድ። ከመንዝ ልጆች ጋር ስሆን፣ አያቴ ጠመንጃ ይዞ ከሸዋ የመጣ ነው እላለሁ። ከአርሲዎች ጋር ስሆን ጠመንጃውን እተወውና ስለ ንዳዱ አወራለሁ። አያቴ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ሲያጣጥር፣ አንድ የአርሲ ሽማግሌ ቤታቸው ወስደው ወተት እያጠጡ አዳኑት። ሲሻለው በሬ አርደው፣ ጎሳቸውን ሰብስበው፣ «ይህ ልጄ ነው» አሉ። አለቀ፣ ጎሳ ገባ። እውነተኛ ታሪክ ነው። እኔ የጨመርኩበት ወተቱ ላይ ትንሽ ቅቤ ብቻ ነው።

ታዲያ አምና ጎረቤቴ ከድር መጣ። ከድር ስልጤ ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል። ሠላሳ ዓመት አጥር ተጋርተናል፤ ጾሜን እንኳን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። ልጁ ሙባረክ የዲክሲስ ከተማ ልጅ ወድዷል። ሀዊ ትባላለች፤ አርሲ ናት፤ መምህርት ናት። ልጁ ስሟን ሲጠራ ጆሮው ይቀላል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አለኝ ከድር። «እኔ ኦሮምኛ ላይ አፌ ይተሳሰራል። ይቺን ልጅ ካጣ ልጄ አይሆንለትም።»

ለኔ ይሄ ይነገራል? ካፖርቴን ለበስኩ፣ ሁለት ሽማግሌ ጨመርኩ፣ ዲክሲስ ገባን። አባት አብሮ መሄዱ ወጉ ባይሆንም ከድርን ልቡ አላስቻለውምና ከኋላ ተከተለን።

ቃላቸው የሚጠበቀው የልጅቱ አያት ሐጂ በሪሶ ናቸው። ተቀመጡ ሲሉን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ። በኦሮምኛ ነው የማወራው፤ ደግሞ ሲያምርብኝ! «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል። የኔ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ የቀረው አፌ ነበር።

«ሙባረክ የከድር ልጅ ብቻ አይደለም» አልኩ። «የኔ ልጅ ነው። እጄ ላይ ነው ያደገው።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምናለ እዚህ ላይ ባቆም? እኔ ግን «ደግሞም ባዳ አይደለሁም» ብዬ የአያቴን ንዳድ፣ ወተቱን፣ በሬውን ተረኩ፤ በመጨረሻም ጎሳውን ጠራሁ።

ሐጂ ከመደቡ ተነሥተው እጄን ያዙኝ። «ኢልመ ኬኛ!» አሉ፤ የኛ ልጅ ማለታቸው ነው። ለካ ጎሳው የሳቸው ጎሳ ነው! ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከድርን ጠቀስኩት፤ አገኘናት እንደማለት።

ሐጂ ተመልሰው ሲቀመጡ ግን ፊታቸው ተለወጠ። እርስዎ መባሌም እዚያው ላይ ቀረ።

«እንግዲህ ምን ይሻላል? አንተ የኛ ከሆንክ ልጅህም የኛ ነው። ሀዊ እህቱ ናት። የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም፤ አያትህ ይህን አልነገረህም?»

መንገሩንስ ነግሮኛል። እኔም ለስንቱ አስረድቻለሁ! የልጅቱን ጎሳ አስቀድሞ መጠየቅ የሽማግሌ ሀሁ ነው፤ ንግግሬን ሳሳምር ረሳሁት። ላብ አጠመቀኝ፤ ዲክሲስ ላይ፣ በዚያ ብርድ! አያቴን እንዳልክድ በሬ ታርዶለታል። ልጁን እንዳልክድ አሁን የኔ ነው ብያለሁ። አሰላ ላይ ስልኩን ጨብጦ የሚጠብቀው ሙባረክ ታወሰኝ። ምን ብዬ ነው ፊቱን የማየው? አፈርኩ። የምሬን ነው፣ አፈርኩ።

ያን ጊዜ አፌ ይተሳሰራል ያለው ከድር ከጥግ ወጣ። ኦሮምኛውን ከአማርኛ እያጋጨ፣ ግን ጮክ ብሎ፦

«ሐጂ፣ ልጁ የኔ ነው! የኔ የከድር! ሰባት ትውልድ ቢቆጠር ስልጤ ነን፤ ማንም በሬ አላረደልንም! ጋሽ ታደሰ ጎረቤቴ ናቸው፤ ለልጄ አንዴ ከረሜላ ገዝተውለታል፣ በቃ!»

መጀመሪያ ሐጂ ሳቁ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። «እንግዲያው ሰጥተናል» አሉ። እልል ተባለ። እኔም እፎይ ብዬ ከድር አጠገብ ልቀመጥ ስል ሐጂ ያዙኝ።

«አንተ ወዴት ነው? ቦታህ ወዲህ ነው» አሉኝ፣ ለከድርም እንዲቀለው በአማርኛ። «ዘመድ ከዘመዱ!»

ከወንድ ወገን ሄጄ ከሴት ወገን ተቀመጥኩ። ገንፎው ሳይቀርብ ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ የሙሽሪት ዘመድ ባዶ እጁን እንደማይድር፣ ከኔ አንዲት ጊደር እንደምትበቃ ነገሩኝ። አንዲት ብቻ!

ጊደሯ ሙሽሪትን ተከትላ ከድር ግቢ ገባች። ዘንድሮም ወለደች። ዘመድ ማብዛት ደግ ነው ይሉ የለ? ደግ ነው። ከድርም ክፉ ሰው አይደለም፤ «የሙሽሪት ዘመድ አይረሳም» እያለ በአጥሩ ላይ በኩባያ ወተት ያቀብለኛል። የሚያቀብለኝ ግን ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው።