የደጃፏ ሐኪም፣ እማማ ወለተሥላሴ

ሰው በሚታመምበት መንደር ሁሉ ያልተማረ ሐኪም አይጠፋም። የሰቆጣዋ እማማ ወለተሥላሴ ነበሩ። ለራስ ምታት ፌጦ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ስሙ ለማይታወቅ በሽታ ደግሞ ሁለቱንም ያዝዛሉ። ሳይጠሩ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ይደላደሉና «ይኼማ የማውቀው ነው!» ሲሉ በሽታው ራሱ የሚደነግጥ ይመስላል። የጤና ጣቢያውን ነርስ የመርፌ አያያዝ ያረሙት እሳቸው ናቸው። ጎረቤታቸው መምህር ደሞዝ «ክብርት ፕሮፌሰር» ይላቸው ነበር።

ሚስቱ ጥሩሐረግ ግን አትወዳቸውም። በ1996 ዓ.ም. የደሞዝ ድድ እየደማ፣ ገላው ሳይመታ እየበለዘ ሲሄድ «ብርድ ነው» ያሉት እሳቸው ነበሩና። አዲስ አበባ ሲመረመር የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ለወራት ወሰደ፤ የሰው ደም ደጋግመው ሰጡት፤ አልሆነም። በመጨረሻ «አገሬ ውሰጂኝ» አላት። ሐኪሙ ሲሸኛቸው «ጉንፋን እንኳ አይችልም፤ ጠያቂ እንዳይበዛበት» ብሎ አስጠነቀቃት።

ሰቆጣ ላይ ጠያቂ መከልከል! በደረሱ ማግስት ግቢው ሞላ። ጥሩሐረግ ቸግሯት ደጃፉ ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ እማማ ምን እንደሆነች ጠየቋት። ነገረቻቸው። «ታዲያ ይኼ ያስለቅሳል?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሐኪም ከልክሏል! እግዜር ይማረው በሉና ሂዱ!»

የደሞዝ አጎት ከአምደወርቅ መጥተው ተቆጡ። «ይኼን ሁሉ መንገድ በእግሬ መጥቼ?»

«ከኢየሩሳሌም ቢመጡም፣ በመስኮት ይዩት!»

እማማ ራሳቸው ጉንፋን የያዛቸው ሳምንት ከአጥር ውጭ ቆመው እየጮኹ ያጫውቱት ነበር። ደሞዝ ይስቃል፤ ሲስቅ ድዱ ይደማል፤ ጥሩሐረግ ደሙን እየጠረገች አብራው ትስቃለች።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማለዳ፣ ደሞዝ አረፈ።

ከቀብር መልስ ሰዉ ቤቱን ሞላው። ጥሩሐረግ እማማን ብትፈልግ አጣቻቸው። ስትወጣ ብቻቸውን ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ ያዘገየሁት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ብርድ ነው ባልልሽ ኖሮ...»

ጥሩሐረግ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እማማ፣ ሐኪሙ ስንመጣ ከሁለት ሳምንት አያልፍም ብሎኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። እርስዎ ሦስት ወር አቆዩልኝ።»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ገልጠው አለበሷትና፣ ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ትተው ሁለቱ እዚያው ውጭ አለቀሱ።