የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ «አንዲት ነገር»

በላስታ ምድር ስብሰባ ሊበተን ሲል እጁን የሚያወጣ ሰው የሌለበት ቀበሌ ቢገኝ፣ አልጣሽ ዕቃዋን ጠቅልላ እዚያው ትገባ ነበር። ግን የለም። ሕዝቡ ጋቢውን አስተካክሎ ሊነሳ ሲል «አንዲት ነገር ብቻ» የሚል ሰው ለየቀበሌው ተመድቧል። ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች ላለችው ለእሷ ቀበሌ የደረሱት ደግሞ ክቡር ሊቀ ጠያቂያን መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው።

መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ተማሪ የተማረውን ሲቀጽል አንዲት ቃል ከዘለለ ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። ለዜማ ደግ ነው። የሚያንገበግበው ባለሥልጣኑንም ባለሙያውንም የሚሰሙት እንደ ተማሪ መሆኑ ነው። አንዱ የግብርና ባለሙያ ስለ እርከን ሲያስረዳ «ወዘተ» ቢል፣ «ወዘተ ማለት ያላጠናኸው ነው፤ ከመጀመሪያው በልልኝ» ተብሎ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ቆሞ እርከን ሲዘረዝር ዋለ። የችግኝ ሪፖርት ሲነበብም «ተተከለ የሚለውን ሰማሁ፤ ጸደቀ የሚለው የታል?» ብለው አንባቢውን አፉን አስያዙት።

አልጣሽ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። የዛሬው ግን የእንጀራዋ ጉዳይ ነበር። በኤሌክትሪክ ሙያ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ወልድያ ድረስ ተንከራታ ባዶ እጇን ተመልሳለች። አምና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ለቀበሌው የተከለው ፕሮጀክት ዛሬ ሁለተኛውን ሊተክል መጥቷል። ባለሙያው አቶ ደግሰው ስለ አየር ንብረት ፖሊሲ አስረድቶ፣ ኢኮኖሚው እንደሚያድግና «ሰፊ የሥራ ዕድል» እንደሚፈጠር ተናግሮ ጨረሰ። አልጣሽ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ልትጠጋው ተነሳች።

«አንዲት ነገር ብቻ።»

ደሟ ፈላ። እኚህ ሰውዬ እንግዳውን አስቀይመው ሊያባርሩባት ነው!

«ሰፊ ያልከው ዕድል ለማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ለማኅበረሰቡ ነው፣ አባቴ።»

«ማኅበረሰቡ ስም የለውም? እስቲ ከመጀመሪያው በለው።»

አቶ ደግሰው እንደገና ጀመረ። በሦስተኛው ላይ ላቡን ጠርጎ ወረቀቱን ገለጠና ያለውን አነበበ። የወፍጮው ጠጋኝ ከከተማ ይመጣል፤ ከአካባቢው አንድ ዘበኛ ይቀጠራል።

አንድ ዘበኛ! የአልጣሽ ንዴት ከመሪጌታ ላይ ተነስቶ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ፀሐዩ የላስታ፣ መሬቱ የላስታ፣ እህሉ የላስታ፤ ሥራው ሲሆን ግን ከከተማ በመኪና ይመጣል።

«ዕቃው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል» አለ አቶ ደግሰው። «የአምናው ወፍጮ አምስት ወር የቆመው የአካባቢው ሰው ነካክቶት ነው።»

ሁሉም ማሽኑ በራሱ የተበላሸ ይመስለው ነበር። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«የነካሁት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ የከበረ ነገር ይሸፈናል፤ መጽሐፉም የቆዳ ማኅደር አለው። እነዚያን የወፍጮውን የፀሐይ ሰሌዳዎች ፀሐይ እንዳይጎዳቸው ብዬ የድንኳን ሸራ አለበስኳቸው። ሰዉም አይቶ እሰይ አለኝ፤ ወፍጮው የቆመው በዚያ መሆኑን ያወቀ ግን የለም። ጠጋኙ በአምስተኛው ወር መጣና ሸራውን ገፈፈ፤ ወፍጮው ያኔውኑ ፈጨ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ይህች በኤሌክትሪክ የተመረቀች ልጅ ያኔ ወልድያ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበረች፤ እዚህ ሥራ ኖሯት ቢሆን ሸራውን ያን ዕለት ታስወርደኝ ነበር። የሚያውቅ ሰው ካልክ፣ እሷን ጻፍ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ተሳሳትኩ ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። አቶ ደግሰው የአልጣሽን የምስክር ወረቀት ተቀብሎ አየና ብዕሩን አውጥቶ ስሟን ጻፈ። የጥገና ሥልጠናዋ በመጪው ወር እንዲጀመር የቀበሌው ሊቀ መንበር ባሉበት ፈረመ።

ያን አምስት ወር እህላቸውን ተሸክመው ላሊበላ ድረስ ሲመላለሱ የከረሙት ወይዘሮ ጽጌማርያም ግን ፊርማ የሚያበርዳቸው አልሆኑም። በር ላይ መሪጌታን ያዟቸው።

«ወገቤን የቆረጡት እርስዎ ኖት? እኔን አህያ አድርገው ዝም? እንዲህ ነው መምህርነት?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አልጣሽ እኚህን ሰውዬ ዝም የሚያሰኝ ሰው እግዜር እንዲያመጣላት ስንት ጊዜ ተስላለች። አሁን ዝም ብለው ስታያቸው ግን በመካከላቸው ገብታ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይበቃል እትዬ ጽጌማርያም፣ አባቴን ይተዉልኝ!»

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ለአልጣሽ በሥጋ የሩቅ ዘመድ እንኳ አይደሉም።