እትዬ ማዕዘን ከበረዶ ላይ አንዲት ነጥብ ስላገኙበት ዘመቻ

የሆቴላችን ሊፍት ቆሞ ገና ባልተጠገነበት፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በመንበሩ በተቀመጠ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሰማያዊ ጓንት (ከእርሱ አስቀድሞ ዘመነ ቢጫ ጓንት ነበረ፤ ቢጫው ግን ቶሎ ይቀደድ ስለ ነበር ዘመኑ አጠረ)፣ የአቧራ ጠላት፣ የባልዲ እመቤት፣ ርእሰ ጠራጊያት የሆኑት ታላቅ እህቴ እትዬ ማዕዘን፣ ከእርሳቸው በፊት የአገራችን ሰው እግሩን ባልጣለበት በዓለም አቀፉ የበረዶ ላይ ውድድር ስለ ተሰለፉበት ነገር፣ እኔ ታናሻቸው፣ አብሬ የዘመትኩ፣ አብሬም የተንሸራተትኩ፣ ፊደል ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ለብቻዬ የለቀምኩ፣ ያየሁትን ሳላስቀር ያላየሁትንም ሳልጨምር እንዲህ ጻፍኩ።

ማዕዘን የሚለው ስም እናታችን ያወጣችላቸው አልነበረም። አዲስ የተቀጠረች ጠራጊ አንድ ክፍል አጽድታ ስትጠራቸው መሃሉን ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ጥግ ይሄዱና በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «መሃሉንማ የሰው እግርም ይጠርገዋል፤ ማዕዘኑን አሳዪኝ እንጂ!» ሲሉ ያውጁ ስለ ነበር ከዚያ የወጣ የክብር ስም ነው። ሁለተኛም ሕግ ነበራቸው፤ እርሱም «የእንግዳ ዕቃ ዞረሽ አትጥረጊ፤ አንሺ፣ ከሥሩ ጥረጊ፣ ቦታው መልሺ» የሚል ነበር። ይህ ሁለተኛው ሕግ በሆቴሉ ውስጥ ክብርን፣ በበረዶው ላይ ግን መዓትን አምጥቶብናልና፣ ተራው ሲደርስ ይነገራል።

የዘመቻው መነሻ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ማዕዘን የእንግዳ መቀበያውን አዳራሽ ሲወለውሉ፣ በግድግዳው ቴሌቪዥን አንዲት ሴት በረዶ ላይ በርከክ ብላ እጀታ ያለው ድንጋይ ስታንሸራትት፣ ሁለት ሴቶችም ከድንጋዩ ፊት እየሮጡ ወለሉን በብሩሽ ሲያሹ አዩ። ወዲያው መወልወያቸውን እንደ ጦር ተመርኩዘው፣ ሻይ የሚጠጡት እንግዶች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ «ወይ ጉድ! ይሄን እኛ ቁርስ ሳንበላ እንሠራው የለ እንዴ? ደግሞ ሜዳሊያ ይሰጡበታል?» ብለው አወጁ። በዚያ ሲያልፍ የነበረው ፍሪጅ ሠሪው፣ ነገር ማሳለፍ የማይሆንለት ሰው፣ የመፍቻ ሣጥኑን መሬት አስቀምጦ «ከርሊንግ ይባላል። ታዲያ ይወዳደሩዋ እትዬ፣ ማን ከለከለዎት!» ሲል መልሶ አወጀ። ለቀልድ ነበር የተናገረው። ነገር ግን ቤቱ ገብቶ ሲያጠያይቅ፣ የውድድሩ አዘጋጆች በረዶ የማያውቁ አገሮችንም ኑ እያሉ እንደሚጠሩ ሰማ፤ ቀልዱም እግር አወጣ።

የጨዋታውም ሕግ ይህ ነው፦ በረጅም የበረዶ ወለል ጫፍ ላይ ክብ ተስሏል። ሁለት ቡድኖች ተራ በተራ ድንጋይ ያንሸራትታሉ፤ ፊት ፊቱ የተጠረገለት ድንጋይ ሩቅ ይሄዳል። ድንጋዩ ሁሉ ሲያልቅ ለክቡ እምብርት ይበልጥ የቀረበው ቡድን ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያም ሌላ ዙር ይጀመራል። ነጥብ ያላገኘው ቡድን በቀጣዩ ዙር የመጨረሻውን ድንጋይ የመወርወር ዕድል ይሰጠዋል። ይህ የመጨረሻው ሕግ ለኛ እንደ ተጻፈ ወደ ፊት ይታያል።

የተከተሏቸውም ሠራዊት ይህ ነበረ። በቀኝ ክንፍ ልብስ አጣቢዋ፣ ብርድ ልብስ ብቻዋን የምትጠመዝዝ፣ መሳቅ ከጀመረች አንድ ሰው ካልተቆጣት የማታቆም፤ በግራ ክንፍ ሰሃን አጣቢዋ፣ ለማማረር ካልሆነ አፏን የማትከፍት፤ በመሃል እኔ፤ በደጀን ደግሞ ፍሪጅ ሠሪው፣ ከሁላችን መካከል በረዶን በሙያው የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው ተብሎ አሠልጣኝ የተሾመ።

የልምምዱ ስፍራም የሆቴሉ ምድር ቤት ኮሪደር ሆነ። ወለሉን የሳሙና አረፋ አለበስነው፤ ሁለት አሮጌ ብረት ድስት ሲሚንቶ ሞልተን ድንጋይ አደረግናቸው፤ ክቡንም በኖራ ሳልን። ድስቶቹ እያጓሩ ሲንሸራተቱ ፎቅ ላይ የነበሩ እንግዶች ምድር የተንቀጠቀጠ መስሏቸው በነጠላ ጫማ ወጡ። ሥራ አስኪያጁም ተቆጥቶ ወረደ፤ ከደረጃው ሥር እግሩ አረፋውን እንደ ነካ በመቀመጫው ተንሸራቶ፣ ሳይወድ በግድ የክቡ እምብርት ላይ አረፈ። ልብስ አጣቢዋ «ነጥብ!» ብላ አወጀች። እርሱም ከተቀመጠበት ሳይነሣ «እናንተ ሴቶች፣ አብዳችኋል? ቢያንስ ስትጨርሱ አድርቁት እንጂ!» የሚል አዋጅ አወጣ፤ እኛም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

የመሄጃችን ጊዜ ሲደርስ በአገር ስም የሚልከን የስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቢሮው አስጠርቶን፣ ከወንበሩ ሳይነሣ «እንግዲህ ሂዱና ተዝናኑ። ግን ልንገራችሁ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳታገኙ ከመጣችሁ ይሄ ነገር በዚሁ ያበቃል፤ ሁለተኛ ማንንም አንልክም» ሲል አወጀ። ደረጃውን ስንወርድ እትዬ ማዕዘን ቆም ብለው፣ የደረጃውን መደገፊያ በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ እንዲህ አወጁ፦ «ሰማችሁ ልጆቼ? የኛ ሥራ ሲያምር አይታይም። የሚታየው ስናበላሸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ዱካ ሳጠፋ ኖርኩ፤ የኔ ዱካ ግን የት አለ? እስቲ አንድ ነገር፣ ማንም ወልውሎ የማያጠፋው አንድ ነገር ጥዬ ልለፍ። አንዲት ነጥብ። ከዚያ በረዷቸውንም ድንጋያቸውንም ይውሰዱት።» ልብስ አጣቢዋ እንኳ ያን ጊዜ አልሳቀችም።

ከዚህ በኋላ በአየር ተጉዘን ውድድሩ ካለበት ብርዳም አገር ደረስን። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስንወጣ ልብስ አጣቢዋ «ፍሪጅ ውስጥ ገብተን በሩ ተዘጋብን!» ብላ አወጀች፤ ፍሪጅ ሠሪውም በሙያው የተነካ መስሎት ቀኑን ሙሉ አኮረፋት። በመክፈቻው ሰልፍ ላይ እትዬ ማዕዘን ሰንደቅ ዓላማውን እንደ መወልወያ እጀታ፣ አንዱን እጅ ከላይ ሌላውን ከታች አድርገው ያዙት፤ እውነት ለመናገር ከዚያ ሁሉ አገር ሰንደቅ እንደ እርሳቸው ቀጥ አድርጎ የያዘ አልነበረም። ወደ መጫወቻው አዳራሽ በገባን ጊዜ ግን፣ ያ ነጭ ወለል ከዳር እስከ ዳር ሲያበራ ባዩ ጊዜ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ጫማቸውንም አወለቁ። «ይሄን ወለልማ በጫማ አልረግጥም፤ ያጸዳው ሰው ምን ይለኛል?» ሲሉ አወጁ። ዳኞቹ ተሰብስበው፣ በእጅ በእግር አስረድተው፣ ሳይወዱ በግድ ጫማቸውን አስጠለቋቸው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ውጊያዎች እኔ ዜና ጸሐፊዋ በአጭሩ አልፋለሁ። ባዶ ነበርን። ከዚያም ባዶ ነበርን። ሰሃን አጣቢዋ «ይሄን ያህል ባዶማ ካጠብኩት ሰሃን ሁሉ አላየሁም» ስትል አወጀች። የመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ፤ ባላጋራችንም መንገዳቸው ግማሹን ዓመት በበረዶ የሚሸፈን ሕዝብ ሆኑ፤ አለቃቸው ረጅም፣ ፀጥ ያለች፣ ዓይኗን ከድንጋዩ የማትነቅል ሴት ነበረች።

ያኔ፣ ከመጨረሻው ዙር በፊት በነበረው ዙር፣ ተአምር ሆነ። ሰሃን አጣቢዋ የወረወረችው ድንጋይ በምን መንገድ እንደ ሄደ እርሷም ሳታውቅ የክቡ እምብርት ላይ ተቀመጠ። ነጥቧ በእጃችን ገባች አልን። እትዬ ማዕዘንም ድንጋዩን ሊጠብቁ አጠገቡ ቆሙ። ቆመውም ወደ ታች አዩ። ከድንጋዩ ሥር፣ ከልብስ አጣቢዋ የተተረተረ የሱፍ ጓንት የወደቀች ቀይ ክር ጫፏን አውጥታለች።

ወዮ ለሁለተኛው ሕግ! ባላጋራ የመጨረሻ ድንጋዩን ለቆ፣ ድንጋዩ ከኋላቸው እየመጣ ሳለ፣ እትዬ ማዕዘን ጎንበስ ብለው የኛን ድንጋይ በሁለት እጃቸው እንደ እንግዳ ሻንጣ አነሡት፤ በእግራቸው ብሩሹን ሳብ አድርገው ሥሩን ጠረጉ፤ ክሯንም ወደ ዳር ገፏት። ሊመልሱት ዞር ሲሉ የባላጋራ ድንጋይ ባዶውን ቦታ አግኝቶ ሰተት ብሎ ገብቶ ተቀምጧል። ድንጋዩን ታቅፈው ቆሙ። ዳኛውም የኛን ድንጋይ ከጨዋታ አስወጣው፤ ቀሪውን ድንጋያችንን ሰሃን አጣቢዋ በንዴት ወርውራ ከክቡ አሳለፈችው። ፍሪጅ ሠሪው ከአጥሩ ወዲያ ራሱን ይዞ «እትዬ! ምን ነካዎት በሞቴ!» ሲል አወጀ። እትዬ ማዕዘንም «ክር ነበረበት» አሉ። ከአዋጆቻቸው ሁሉ አጭሩ ይህ ነበረ።

እነሆ የመጨረሻው ዙር። ነጥብ ያላገኘነው እኛ ነንና የመጨረሻው ድንጋይ የኛ ነበረ። በሥርዓቱ እርሱን የሚወረውር አለቃ ነው፤ እትዬ ማዕዘን ግን መጥረጊያቸውን ለማንም ስለማይሰጡ ድንጋዩን ለኔ ሰጡኝ። ከባላጋራ ድንጋዮች አንዱ ለእምብርቱ ቀርቦ ተቀምጧል። በርከክ ብዬ ለቀቅኩት፤ ስለቀው እግሬ አዳለጠኝና በደረቴ ተዘረጋሁ፤ ድንጋዩም ጉልበት አንሶት እንደ ሰነፍ ሠራተኛ እያዘገመ ሄደ። ያን ጊዜ ታላቋ እህቴ ተነሡ! ባልዲ ያጎበጠው ወገባቸው ታጠፈ፤ ክንዳቸው ወጣ፣ ገባ፤ ልብስ አጣቢዋም አጠገባቸው እንደ አንሶላ በረዶውን አሸችው። ድንጋዩ ሊቆም ሲል አስነሡት፤ ደግሞ ሊቆም ሲል ደግሞ አስነሡት፤ እትዬ ማዕዘን እየጠረጉ «ና! ና የኔ ልጅ፣ ና ትንሽ ቀርቶሃል፣ እንዳታሳፍረኝ!» እያሉ ለድንጋዩ አወጁ። ድንጋዩም ሰማ። ከባላጋራው ድንጋይ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

የትኛው እንደ ቀረበ በዓይን የሚለይ አልነበረም። ዳኛው መለኪያ አስመጣና፣ እስኪለካ ድንጋይ የነካ ቡድን እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል ብሎ አወጀ። ሁላችንም ተሰብስበን ቆምን። ያን ጊዜ አየናት። ያቺው ቀይ ክር፣ በመጥረጊያው ንፋስ ተመልሳ፣ በነጩ በረዶ ላይ የኛን ድንጋይ ተደግፋ ተጋድማለች።

እትዬ ማዕዘን ክሯን አዩ። ጣቶቻቸው ተነሡ። መልሰው አጠፏቸው። እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ያም አልበቃ ብሎ በላዩ ክንዳቸውን ጫኑበት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። እኔ በአንድ ወገን፣ ልብስ አጣቢዋ በሌላ ወገን ደግፈን ያዝናቸው። ልብስ አጣቢዋ በጆሯቸው «እትዬ፣ በእናትዎ! ጓንቴን ዛሬውኑ አቃጥለዋለሁ፣ ብቻ አይንኩ!» ስትል አወጀች። ዳኛው ጎንበስ ብሎ መለኪያውን አዞረ። እንደገና አዞረው። እትዬ ማዕዘን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆሻሻ አይተው ያለፉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዳኛው እጁን ወደኛ አነሣ።

በሰሌዳው ላይ፣ ከሰንደቃችን አጠገብ ባዶው ጠፍቶ አንድ ተጻፈ። የባላጋራችን ቁጥር ሁለት አሃዝ ነበረው፤ እኛ ግን ተቃቅፈን ስንዘል፣ ፍሪጅ ሠሪው አጥሩን ዘሎ ሲወድቅ፣ ልብስ አጣቢዋ በሳቅ በረዶው ላይ ስትንከባለል ያየ ሰው ያሸነፈው ማን እንደ ሆነ ግራ ገባው። ረጅሟ አለቃም መጥታ የእትዬን እጅ ጨበጠች። ሁሉም ካለቀ በኋላ እትዬ ማዕዘን ዳኛውን በዓይናቸው አስፈቅደው ጎንበስ አሉና ክሯን አንሥተው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ።

ስንመለስ ሊቀ መንበሩ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አበባ ይዞ መጥቶ «እኔ እኮ ድሮም አውቅ ነበር!» ሲል አወጀ፤ በተከታዩም ውድድር በዕድሜ ከኛ ያነሱ፣ ከኛም የፈጠኑ ሴቶች ተላኩ። እትዬ ማዕዘን ግን በማግስቱ ባልዲያቸውን ይዘው ምድር ቤት ወረዱና ኮሪደሩን አይተው «ይሄን ማዕዘን ማነው እንዲህ የተወው?» ብለው አወጁ።

ሊፍቱ ተጠግኖ እንደገና በቆመበት ዘመን እትዬ ማዕዘን በሳንባ ሕመም ታመው አረፉ። ለቀስተኛው መጥቶ ሄደ፤ ሥራ አስኪያጁም መጥቶ ሲወጣ ወለሉን እያየ በጥንቃቄ ረገጠ። ሰው ሲቀንስ ክፍላቸውን ለመጥረግ ገባሁ። ነጠላ ጫማቸውን አነሣሁ፣ ከሥሩ ጠረግሁ፣ ቦታው መለስኩ። ካፖርታቸውን ከመስቀያው ሳነሣ ቀይዋ ክር ከኪሱ ወጥታ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ እዚያው ጥጉ ጋ። መጥረጊያው በእጄ ነበረ። አስቀመጥኩትና እጆቼን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩ።

እትዬ፣ የአቧራ ጠላት፣ የባልዲ እመቤት፣ የሰነፍ ድንጋይ ቀስቃሽ፣ ከሕዝባችን አስቀድመሽ በበረዶ ላይ የጠረግሽ፣ ክርን አይተሽ እጅሽን የሰበሰብሽ ሆይ፤ ነገሥታት ከተማ ይዘው ከተማው ፈረሰ፣ አንቺ አንድ ይዘሽ አንዱ አለ። ሰሌዳው ይውረድ፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ሊፍቱም ይቁም፤ ያንን አንድ የሚወለውል ጨርቅ ገና አልተሠራም። ማዕዘኑ ንጹሕ ነው፣ እትዬ። ክሯን ግን አልነካኋትም።