ዶክተር ቡርሃን መጽሐፍ ሲያስገዙ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ዕቃ እንዳይገዛ ከሰማይ የተሾመ አንድ ሰው አለ። አብራችሁት መርካቶ ጫማ ልትገዙ ትወጣላችሁ፤ ባሮጌው ጫማችሁ፣ ያውም ይበልጥ አልቆ፣ ትመለሳላችሁ። የእኛው ሹም ክቡር ዶክተር ቡርሃን ናቸው።

ሥራችን ፓቶሎጂ ነው። ከታማሚ የተወሰደ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ካንሰር ነው፣ አይደለም የምንለው እኛ ነን። እኔ ሎዛ ገና ጀማሪ ነኝ። ከወር በኋላ መምህራን ፊት ቁጭ ብዬ ናሙና ማንበብ ነበረብኝ፤ ከወደቅኩ ዓመቱን እደግማለሁ። ጥሩ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ያስፈልገኝ ነበር። "መርካቶ ወርጄ አንድ ልግዛ" ስል ዶክተር ሰሙኝ።

"እኔ ሳላየው እንዳትገዢ!"

ሰውዬው ያደጉት መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር፣ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። መጽሐፍም የሚመርጡት እንደ ጨርቅ ነው፤ መሀሉን ገልጠው ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ ይዘውት ፀሐይ ላይ ይወጣሉ። ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ መጽሐፍ የሚሸጠው ጀዋር የመጀመሪያ ቀን ሌባ መስለውት ተከትሏቸው ሮጧል። አሁን ለምዷቸዋል፤ ገና ሲያያቸው "መጡ እንግዲህ!" ብሎ ሻዩን ያዛል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ፎቶኮፒ ነበር። "ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ! ሐምራዊውን ከሮዙ በምን ልትለዪው ነው? በጸሎት?"

ሁለተኛው ወፍራም ነው። "ይሄ ለጀማሪ ነው? በር ማስደገፊያ ነው እንጂ!"

ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር በሽታ ብቻ ነው። "ጤነኛ ጉበት የታለ? ጤነኛውን ሳታውቂ የታመመውን ልታውቂ?"

አራተኛውን እኔ ወደድኩት፤ ባለቀለም፣ ርካሽ። ፀሐይ ላይ አውጥተውት ፊታቸው ተለወጠ። "ኅትመቱ ጠቁሯል፣ ሎዚ። እዚህ ላይ ጤነኛውም ሴል ካንሰር ይመስላል። በዚህ ተምረሽ የአንዲት እናት ጡት በከንቱ ታስቆርጫለሽ።" እየቀለዱ አልነበረም።

"ፈተናውስ፣ ዶክተር?"

"ይደርሳል።"

ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሆዴ ያላልኳቸው ነገር የለም።

በሳምንቱ ዶክተር ለሥራ ክፍለ ሀገር ተላኩ። እፎይ! ብቻዬን ጀዋር ዘንድ ከነፍኩ። አዲስ የገባ፣ ቀጠን ያለ መጽሐፍ አወጣልኝ። "ግዢውና ገላግይኝ" አለ። እግሬ ግን እንደታዘዘ ሁሉ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ሐምራዊው ላይ ሳፈጥ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው "መንገድ! መንገድ!" እያለ ሲገፋኝ፣ ልቤ አልቆርጥ አለ። በቪዲዮ ደወልኩላቸው።

"ጥላሽ አረፈበት፣ ዞር በይ!" ሰላምታቸው ይሄው ነው። ገጹን አስገለጡኝ፤ ጤነኛ ጉበት፣ ጤነኛ ጡት።

"ግዢው።"

ጀዋር አላመነም። ስልኩን ተቀብሎኝ "አንዴ ይድገሙልኝ!" አላቸው።

የፈተናው ቀን የመጀመሪያው ናሙና ከጡት የተወሰደ ነበር። ሴሎቹ ጥቁርቁር ብለው ያስደነግጣሉ። "ካንሰር" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ያ የጠቆረ መጽሐፍ ትዝ አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ የእኔው መጽሐፍ ጤነኛ ገጽ።

"ቀለሙ በዝቶበት ነው እንጂ ጤነኛ ነው" አልኩ።

መምህሩ ቀና አሉ። "እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ።"

ልክ ነበርኩ፤ የቀሩትንም ናሙናዎች አልሳትኩም። እንደወጣሁ ደወልኩ። "ዶክተር፣ አለፍኩ! ለራሴ ጫማ ልሸልም ነው!"

"ጎሽ የኔ ልጅ! ጫማውን ግን እኔ ሳላየው እንዳትገዢ።"

ይኸው ክረምቱ ገባ፤ እሳቸው አልተመለሱም፣ አሮጌው ጫማዬ ውኃ ያስገባል። ከጀዋር አጠገብ ግሩም ጫማ ተሰቅሎ በየቀኑ አየዋለሁ። አልገዛውም። ናፍቀውኛል፤ ይምጡና ይከልክሉኝ።