የተዋሰኝ መጽሐፍ

ትናንት ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ሠላሳ ዓመት ያላየሁት የሥራ ባልደረባዬ መምህር ገለቦ "እባክሽ ነይ" ብሎ በሰው ልኮብኝ ነበር የምሄደው። ለምን እንደፈለገኝ አልነገረኝም። ራሴን መስኮቱ ላይ እንዳስደገፍኩ ይህን ሕልም አየሁ።

ድሮ አማርኛ ሳስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነኝ። የተቀመጥኩት ግን መደርደሪያ ላይ ነው። ሰዎች በስማችን ፊደል ተራ ተደርድረናል፤ እኔ የትምወርቅ ስለሆንኩ ታች፣ "የ" ላይ ነኝ። መጻሕፍቱ እስከ በሩ ድረስ ተሰልፈው ሰው ይዋሳሉ። ከበላዬ ባለው መደርደሪያ ላይ ኤሌክትሪሺያኑ ታፈረና ነርሷ አመዘነች እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ሁለቱም እንደ ድሮው ወጣቶች ናቸው። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስበን ስላነበብነው መጽሐፍ እንጫወት ነበር።

"የትምዬ፣ ዛሬ ምን እናነባለን?" አለኝ ታፈረ።

"ዛሬ የምንነበበው እኛ ነን መሰለኝ" አለች አመዘነች።

ከሰልፉ መሀል ግራጫ ሽፋን ያለው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ብቅ አለ። ወዲያው አወቅሁት፤ የገለቦ ነው።

ገለቦ የንባብ ማኅበራችን አራተኛ አባል ነበር። የኮንሶ ሰው ነው። ስለ መንደሩ አንድ መጽሐፍ ጽፎ በራሱ ወጪ አሳተመና ለሦስታችንም ሰጠን። ቅዳሜ አስተያየት ልንሰጥ ተቀመጥን። ታፈረ "እንዲህ ያለ አገር እዚሁ አጠገባችን መኖሩን አላውቅም ነበር" አለ። አመዘነች እንባዋን ጠረገች። እኔ ግን ገጽ ዘጠኝን ገለጥኩና፣ "'እናቴ መሬቱ እንዳይሄድባት በድንጋይ ታቅፈው ነበር' ይላል። መሬት አይታቀፍም። እርከን ሠራች ነው የሚባለው" አልኩ። በዚህም አላበቃሁም፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ። ገለቦ ሁሉንም በጽሞና ሰማኝና "እሺ፣ አመሰግናለሁ" አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በዓመቱ ወደ አገሩ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ ሲባል አልሰማሁም።

በሕልሜ ሰው የሚያውሰው አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበር።

"ያችን ስጠኝ" አለው ቀጭኑ መጽሐፍ ወደ እኔ እያመለከተ።

"እሷን ማንም ተውሷት አያውቅም። አቧራ ይዛለች።"

"ግድ የለም። በሁለት ሳምንት እመልሳታለሁ።"

መዝገበ ቃላቱ መዳፌ ላይ ማኅተም መታብኝ። መጽሐፉ ብብቱ ሥር ሸጎጠኝና ወጣ።

ኮንሶ ስንደርስ ተራራው ቁልቁል ወርዶ ተቀበለን። እርከኖቹ ተራ በተራ ተነሥተው ጨበጡኝ። ሞራ የሚሉት የመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ የመጽሐፉ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ አንብቤያቸዋለሁ። አሁን አንባቢዎቹ እነሱ ናቸው። መሀል አስቀመጡኝና ገለጡኝ።

"አጀማመሯ ደስ ይላል" አለ ማሽላ አጫጁ። "ልጅነቷ ላይ ስቄያለሁ።"

"መሀሏ ላይ ትኮራለች" አለ ሸማኔው።

"እኔ ገና ክርኗ ላይ ነኝ" አለች አንዲት ፍየል፣ እጅጌዬን እያኘከች። "ጨው አንሷታል።"

ታፈረ ከኋላ እጁን አወጣ። "እኔ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። ማንጎ እየላጠች፣ ትልቁን ለእኛ እየሰጠች፣ ፍሬውን ራሷ የምትመጠምጠው ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።"

ያንን ማንጎ ማንም የሚያስታውሰው አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ በእጃቸው ድንጋይ የያዙ አሮጊት ተነሡ። የገለቦ እናት ናቸው።

"እኔ አልቅሻለሁ" አሉ።

"ምን ላይ እማማ?"

"ልጄ ሲጽፈኝ የምናገረው በራሴ አፍ ነበር። አንቺ ሰርዘሽ በሌላ ሴት አፍ አናገርሽኝ።"

"እኔ እኮ ቋንቋውን ላስተካክል ብዬ ነው።"

"በይ አንቺም በእኔ ቋንቋ ተናገሪና ላስተካክልሽ።"

አፌን ከፈትኩ። የወጣው የጠመኔ ብናኝ ብቻ ነው። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበር፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እናትየው ድንጋዩን ሰጡኝና "በይ ያዢው፣ እኔ ደክሞኛል" ብለው ተቀመጡ። ወዲያው መሬቱ መሄድ ጀመረ። ማሽላው፣ ቤቱ፣ ፍየሏ፣ ታፈረና አመዘነች፣ ሁሉም ወደ ገደሉ መንሸራተት ያዙ። አንድ ድንጋይ ምን ያህል ያግዳል? ጣልኩትና ሁለት ክንዴን ዘርግቼ መሬቱን ግጥም አድርጌ አቀፍኩት።

"እትዬ! ኧረ እትዬ፣ ይልቀቁኝ!"

ነቃሁ። አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ አንገታቸውን አንቄያለሁ። ተሳፋሪው በሙሉ ይስቃል።

"ይቅርታ፣ መሬት መስለውኝ ነው" አልኳቸው።

"ኮንሶ ካራት ደርሰናል፣ ውረዱ!" አለ ሾፌሩ።

"ቀስ በሉ እንጂ፣ አትግፉ!" እያልኩ ወረድኩ። ገለቦ ከመኪናው ማቆሚያ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጸጉሩ ነጥቷል። ፊቱን ያዞረው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባዶው መንገድ ነው።

"የትምወርቅ፣ ድምፅሽ አልተለወጠም" አለኝ።

ያኔ ነው ዱላውን ያየሁት።

"ገለቦ፣ ዓይንህን ምን ነካው?"

"ከሄደ አራት ዓመቱ። አታልቅሺ እንጂ፤ የጠራሁሽ ለሌላ ነው። ሁለተኛ መጽሐፍ ጽፌያለሁ። ለልጄ በቃል እየነገርኳት ነው የጻፈችው። ስህተት አይጠፋውም። እስክሪብቶ ይዘሻል?"

ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ነበሩ።

"አልያዝኩም" አልኩት።

ከዚያ ክንዱን እንድይዘው ወደ እኔ ዘረጋ።

"እንግዲያውስ ዝም ብለሽ አንብቢልኝ" አለ።