ኦቦ ቱሉ ያስጨመሩት ቅባት

እኛ አገር «ይበቃኛል» የሚለውን ቃል የሚያምን ሰው የለም። ሰው ቤት ሄዳችሁ፣ ሳህናችሁን በእጃችሁ ከልላችሁ፣ በቃኝ ብላችሁ ብትምሉ፣ ጋባዧ የምትሰማው «ትንሽ ለምኑኝ» እንዳላችሁ አድርጋ ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ ናት። ብርጭቆ ሲሞላልን አፉ ድረስ ካልደረሰ ቅር ይለናል። መጠን የሚባለው ነገር ለመድኃኒት ብቻ የተፈጠረ ይመስለናል፤ እሱንም ቢሆን ቶሎ እንዲሻለን ደርበን የምንውጥ አለን። ራሴን ከዚህ አላወጣም።

ባለቤቴ ሰብለ ግን የመጠን ሰው ናት። ሱሉልታ በተከራየናት ቤት፣ ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጣ የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው መክፈት፣ እምቢ ሲል ደግሞ ሰብለን መጥራት ነው።

የጎረቤታችንን የኦቦ ቱሉን ሴት ልጅ ሰርግ እያቀናበረች ሳለ አሮጌው ኮምፒውተሯ ሞተ። ደግነቱ ቀረጻው ሌላ ቦታ ተቀምጦ ስለነበር ተረፈ። ነገሩን አስቸኳይ ያደረጉት የኦቦ ቱሉ ታላቅ እህት፣ አዴ ጫልቱ ናቸው። ሙሽራዋን ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ፤ ሰርጉ ሊደርስ ሲል ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ቡራዩ፣ ልጃቸው ቤት አልጋ ላይ ቀሩ። ሙሽሮቹ እሁድ ሊጠይቋቸው ነው። ኦቦ ቱሉም «እሁድ ሰርጉን ታዪዋለሽ» ብለው ለእህታቸው ቃል ገብተዋል።

ሰብለ የአዲሱን ኮምፒውተር ዕቃ ለየብቻ ገዝታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልትገጣጥመው ቁጭ አለች። ወዲያው ኦቦ ቱሉ «አካም ጅርቱ?» እያሉ ገቡ። ቪዲዮው የት ደረሰ ሊሉ እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጨዋ ስለሆኑ ግን አልጠየቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዝም ብሎ አጠገባችሁ የተቀመጠ ባለጉዳይ ከሚጨቀጭቀው ይብሳል።

ሰብለ የማሽኑን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ቦታው ላይ አስቀመጠችና ከትንሽ ሲሪንጅ ግራጫ ቅባት ጠብ አደረገችበት። ቴርማል ፔስት ይባላል። ጠብታዋ ምስር ብታክል ነው።

«ይቺን ብቻ?» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«ይኼ ሲሠራ በጣም ይግላል፣ ኦቦ። ከላዩ የሚቀመጠው ማቀዝቀዣ ሙቀቱን ይወስድለታል። ሁለቱ ብረቶች ቢጋጠሙም በመሀላቸው አየር ይቀራል፤ ቅባቱ እሱን ይሞላል። ከዚህ በላይ አይፈልግም።»

«ሱሉልታ ላይ ደግሞ ምን የሚግል ነገር አለ?» አሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

በዚህ መሀል የሰብለ ስልክ ጠራ፤ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ግቢ ወጣች። ኦቦ ቱሉ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ይህን ሁሉ ዕቃ ገዝታ በቅባት ትሰስት? ጨምርበት እንጂ። ባይጠቅም እንኳ አይጎዳ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔም አንሳብኝ ነበር። ሲሪንጁን እስከ ጥጉ ገፋሁት። እግረ መንገዴን ልርዳት ብዬ ማቀዝቀዣውን አስቀምጬ ተጫንኩት። ሰብለ ስትመለስ «ጎበዝ!» ብላኝ ብሎኖቹን አጠበቀች። ምስጋናዋን ተቀበልኩ።

ማሽኑ ሲበራ ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ቀረ። ሰብለ ገመዱን ነካካች፤ አጠፋች፤ አበራች። በመጨረሻ ማቀዝቀዣውን ፈታ አነሳችው። ቅባቱ እንደ ገነፈለ ሽሮ ከጠርዙ አልፎ ፕሮሰሰሩ ሥር ድረስ ገብቷል።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ቱሉ። ድምፃቸው ወረደ። «ጫልቱ እኮ እሁድን እየጠበቀች ነው። በእጄ አበላሸሁባት?»

ሰብለ «አልተበላሸም፤ ይጸዳል» ብላ ጥጥ አነሳች። ልትጠርግ ስትል ግን ባዶውን ሲሪንጅ አየች፤ እጇ ቆመ። ሱሉልታ ላይ ይህን ቅባት ማን ይሸጣል? አዲስ አበባ ወርዶ መመለስ ደግሞ ቀኑን ይጨርሰዋል። ማቀዝቀዣውን ወደ መስኮቱ ይዛ ዞር ዞር አድርጋ አየችው። ከጠርዙ ላይ ምንም ያልነካውን ንጹሕ ቅባት በአሮጌ የስልክ ካርድ ጫፍ አንስታ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አኖረች። የቀረውን በጥጥና በአልኮል፣ ቀጫጭኖቹን ቦታዎች ደግሞ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንፋሿን ይዛ አጸዳች። እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ ያቺኑ ምስር የምታህል ጠብታ መልሳ አስቀመጠች፤ እኔንም ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

ስክሪኑ በራ።

ኦቦ ቱሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፈጣሪን አመሰገኑ። ቀጥለውም ወደ ሰብለ ዞር ብለው፣ «አየሽ ልጄ» አሉ፣ «ባይተርፍ ኖሮ ከየት ታመጪ ነበር?»

ሰብለ ሳቀች። እኔ የምስቅበት ሰዓት እንዳልሆነ ስለገባኝ ሲሪንጁን ልጥል ወጣሁ።

ሰብለ ሌሊቱን ስታቀናብር አድራ ጨረሰችና እሁድ ሁላችንም ቡራዩ ሄድን። አዴ ጫልቱ በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሙሽራዋ እግራቸው ሥር ሆነች፤ ሰብለ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች። ቪዲዮው ላይ ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የዘመዶቿን ጉልበት እየሳመች መጣች። ከኦቦ ቱሉ ጎን አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ነጠላ ተደርቦበታል። ሙሽራዋ እዚያ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ወንበሩን ሳመችው።

«ነጠላዬን ማን ወሰደው?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ሰው እንዳይቀመጥበት ብዬ ነው።»

አዴ ጫልቱ የወንድማቸውን እጅ ያዙ። ሰብለንም «እስቲ ወደ ኋላ መልሺልኝ» አሏት። መለሰችላቸው። እንደገና አስመለሷት። ሙሽራዋ ያንን ባዶ ወንበር ስትስም፣ ስትስም ዋለች፤ ጭፈራውን እስከ ዛሬ ያየው የለም።